በጉቶ የተፈተነ ሰንጢ

ክሩን በሰሙ ላይ እየሳብኩ ነበር። ክር ሰም ሲጠጣ ድምፅ የለውም፤ ጣት ላይ ግን ይታወቃል። መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ እየያዘ ይመጣል። ያኔ ይበቃዋል። መርፌው ውስጥ አስገብቼ ቀና ስል፣ ወንድሜ ሌላንድ ከጠረጴዛችን ወዲያኛው ጫፍ ቆሞ ለከበቡት ሰዎች ሰንጢ ይከፍታል።

"ስሙማ!" አለ። በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ጠቅ። "ሰማችሁ? ይሄ የባንክ ካዝና በር ነው እንጂ ሰንጢ አይደለም።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የባንክ ካዝና በር ሲዘጋ የሰማ ከመካከላቸው አንድም እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ።

በእኛ በቢተርሩት ሸለቆ፣ የአጋዘን አደን ከሚከፈትበት ቅዳሜ በፊት ባለው ዓርብ፣ በገበሬዎች አዳራሽ የሰንጢ ገበያ ይቆማል። ሌላንድ ሰንጢ ይሠራል፤ እኔ ለማይታጠፍ ቢላ የቆዳ አፎት እሰፋለሁ። አንድ ጠረጴዛ እንካፈላለን፤ ሰው የሚከበው ግን የእሱን ጎን ነው። የማይታጠፍ ቢላ ምንም የሚያጫውት ነገር የለውም። አይከፈትም፣ አይዘጋም፣ ጠቅ አይልም። ቢላ ነው፤ በቃ። ቢላ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ደግሞ እዚህ ብርቅ ነው።

የሚመጡትን አውቃቸዋለሁ። እያንዳንዱ ኪሱ ጫፍ ላይ ሰንጢ ሰክቷል፣ ከበስተኋላ ሌላ፣ አንዳንዱ ቦት ጫማው ውስጥ ሦስተኛ። አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ የሚቆርጡት ትልቁ ነገር ሌላ ሰንጢ የመጣበት ካርቶን ነው። ስለ መቆለፊያ ግን ጠይቋቸው! ምሳቸው እስኪቀዘቅዝ ይከራከሩበታል። በመቆለፊያ የተነሳ ከወንድሙ ልጅ ጋር የተኳረፈ ሰው አውቃለሁ። የወንድሙ ልጅም መጥቷል፤ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ነው የሚሄደው።

የሌላንድ ሰንጢዎች መቆለፊያ ምላስ ይባላል። እጀታው ውስጥ የተኛች ስስ ብረት ነች። ስለቱ ሲከፈት ወደ ጎን ትፈናጠርና ከስለቱ ተረከዝ፣ እጀታው ውስጥ ከሚቀረው ጫፉ፣ ኋላ ትቆማለች። ስለቱ ተመልሶ በያዘው ሰው ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የምትከለክለው እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ፣ የቀንዱ እጀታ፣ የናሱ ጌጥ፣ የሌላንድ ስም የተቀረጸበት ጥግ፣ ማሳመሪያ ነው።

ቨርና ኦስትቦ የመጡት ከምሳ በፊት ነው። ቨርና በመከር ወራት የሸለቆውን ግማሽ አጋዘን ጋራዣቸው ውስጥ የሚገፍፉና የሚበልቱ ሴት ናቸው፤ ኑሯቸው እሱ ነው። የቀኝ እጃቸው ጠቋሚ ጣት አይታጠፍም። ከዓመታት በፊት አጋዘን ሆድ ውስጥ እጃቸውን ከተው ሳለ ሰንጢ ተዘግቶበት ጅማቱን በጠሰው። አሁን ስኒ ሲይዙ ያቺ ጣት ብቻዋን ተዘርግታ ትቀራለች፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ የምትጠቁም ትመስላለች።

"ልጄ አርዲስ፣ የማይዘጋብኝ ሰንጢ እፈልጋለሁ" አሉኝ።

ከእኔ ጎን አንዱን የማይታጠፍ ቢላ አነሳሁ። "ይሄ አይዘጋም። የሚዘጋበት የለውም።"

"እሱማ አለኝ። ነገ ግን በፈረስ ነው የምወጣው። ያ ረጅም አፎት ኮርቻ ላይ በወጣሁ ቁጥር ጎኔን ይወጋኛል፤ አምና ተሰንጥቆ ሊገድለኝ ነበር። አጠር ያለ፣ የማይጎረብጠኝ ነገር ነው የምፈልገው።" ጣታቸውን አሳዩኝ፣ እንዳላየሁት ሁሉ። "አንዷን ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ ከሄደች ጋራዡን እዘጋለሁ። በጎደለ እጅ አጋዘን የሚገፍፍ ሰው አላየሁም።"

ሌላንድ ሰማን። የሚሸጥበትን ነገር ከአዳራሹ ማዶም ይሰማል።

"ቨርና! ምንም አይግዙ! ከሰዓት በኋላ ጉቶው ጋ ይቁሙና ይዩ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።"

ጉቶው የገበያው ዘውድ ነው። ከአዳራሹ ጓሮ የሚመጣ የጥድ ጉቶ ነው፤ በጋሪ ይገፋና መሃል ወለሉ ላይ ይቆማል። ተወዳዳሪዎቹ ሰንጢያቸውን ከፍተው፣ ጣታቸውን ከስለቱ መንገድ አሽሽተው፣ በስለቱ ጀርባ ጉቶውን ይመታሉ። መቆለፊያው የተሸነፈበትና የታጠፈ ይወጣል፤ ሳይታጠፍ እስከ መጨረሻው የቆየ ያሸንፋል። ዳኛው ዌንደል ነው፤ ሌላ ጊዜ የከብት ጨረታ የሚጠራ ሰው ስለሆነ ሰንጢም ሲጠራ የኮርማ ሽያጭ ይመስላል።

ሌላንድ ባለፉት ሁለት ዓመታት አሸንፏል፤ በአንዱ ሰንጢ። የአጋዘን ቀንድ እጀታ አለው፣ ስሙን "አለቃው" ብሎታል። ጉቶው በማይኖርበት ጊዜም አለቃው ሥራ አይፈታም። ለገዢ ሁሉ፣ ለጎረቤት ሁሉ፣ አንዴ ለፖስታ አመላላሹ ሳይቀር፣ ሌላንድ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይመታዋል። "አየህ? አየህ?" ይላል። እነሱም ያያሉ።

በዚያን ቀንም ከሰዓት በኋላ ተሰለፉ።

የመጀመሪያው ሰው ገና አንዴ ሲመታ ታጠፈበት።

"በር ነው እንዴ የሠራኸው፣ ወዳጄ?" አለው አንዱ።

"ያውም የዶሮ ቤት በር!"

"ተው፣ ዶሮዎቹ ይሰማሉ!"

ሁለተኛው ጥቂት ቆየ። ሦስተኛው ሲታጠፍበት ጉቶው ጠማማ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ዌንደል በክብር ጎንበስ ብሎ ጉቶውን መረመረና ቀጥ ያለ መሆኑን ለሕዝብ አስታወቀ። ጎልማሶች ናቸው እንግዲህ። ልጆች ያሳደጉ፣ የመሬት ግብር የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው።

ሌላንድ መጨረሻ ወጣ። እጅጌውን ጠቀለለ፤ አለቃውን ወደ ጣሪያው ካነሳ በኋላ ይደበድበው ጀመር። የጥድ ቅርፊት ተፈናጠረ። አዳራሹ አብሮ ቆጠረ፤ ቁጥሩ ከሌሎቹ ሲያልፍ እግራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። አልታጠፈም።

"ሦስተኛ ዓመት!" ሲል ጮኸ ዌንደል። "ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ከዚህ የታመነ መቆለፊያ የለም!"

እኔ አፎት እየሰፋሁ ነበር። ሰው ጉቶ ሲመታ ስለ ጉቶ ይማራል። በዕድሜዬ የሰንጢን ጀርባ የሚመታ አጋዘን አላየሁም። አጋዘን ስለቱን የሚይዘው መገጣጠሚያ አጥንቱ መሃል ነው። ሰውየው እስከ እጁ አንጓ ሞራ ውስጥ ገብቶ፣ እጀታው እያንሸራተተው፣ ቢላውን ለማስለቀቅ ጠምዘዝ እያደረገ ይገፋል። ያ ግፊት ቀስ ያለ ነው። ጭብጨባ የለውም። ለዚህ ነው ማንም አዳራሽ ውስጥ የማይሞክረው።

ቨርና ወደ ጠረጴዛችን ተመለሱ፤ ግማሹ ሕዝብ ተከትሏቸዋል።

"ያንን ነው የምፈልገው" አሉ፣ በማይታጠፈው ጣታቸው አለቃውን እያሳዩ።

ሌላንድ ሳቀ። "እሱ የኔ ነው። ቁርጥ እሱን የመሰለ አዲስ አለኝ፣ ይኸው።"

"እሱን የመሰለ አላልኩም። እሱን ነው ያልኩት። አዲሱን ማን ፈተነው?"

"ልክ ናቸው!" አለ ከኋላ አንዱ። "የተፈተነውን ስጣቸው!"

"ሌላንድ፣ ፈራህ እንዴ?"

ቨርና ሞኝ አይደሉም። አንዴ የተነከሰ ሰው ማስረጃ ይፈልጋል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረጃ ተብሎ የሚታየው ደግሞ ያ ብቻ ነው። ሌላንድን አየሁት። ለአንድ አፍታ አለቃውን ቁልቁል አየ፣ እንደ ሰንጢ ሠሪ አየው። ወዲያው ሕዝቡን አየ።

"ለእርስዎ ካልሆነ ለማን!" አለና እጃቸውን ጨበጠ።

ጭብጨባ ሆነ። ቨርና ከፈሉ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ቋሊማ በዳቦ ሊበሉ ሄዱ። ሌላንድ አለቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

"ጠርገሽ ዘይት ቀቢላቸው፣ እታለም።"

ከፍቼ ወደ መብራቱ አዞርኩት። አዲስ ሰንጢ ላይ ምላሷ ተረከዙን የምትይዘው ቅርብ ባለው ጠርዝ ነው። እያለቀች ስትሄድ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ማዶ ትጓዛለች። የአለቃው ምላስ ማዶው ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። ጫፏ ተቀጥቅጦ ክብ ሆኗል፤ ተረከዙም ያበራል፣ እንደ ተላሰ ማንኪያ። ያ ሁሉ ማረጋገጫ፣ ያ ሁሉ "አየህ? አየህ?" በጥቂት በጥቂቱ ሲበላት ኖሯል። ከጠረጴዛው ላይ ካሉት ሰንጢዎች ሁሉ በጣም የተፈተነው እሱ ነው፤ የማይታመነውም እሱ ነው።

የስለቱን ጫፍ ወፍራም የጫማ ሶል ቆዳ ላይ ተከልኩ። ጣቶቼን አራቅሁ፣ እጀታውን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ ቀስ ብዬ ገፋሁ።

ታጠፈ። ጠቅ እንኳ አላለም።

"ሌላንድ።"

"ቆይ፣ ሰው እያናገርኩ ነው።"

"ሌላንድ፣ ይዘጋል።"

ጎንበስ አለ። "ምኑ?"

"አለቃው።"

"አበድሽ? አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አልተዘጋም።"

"ስትመታው አይዘጋም። ስትገፋው ይዘጋል።" ከጠረጴዛው በታች ደገምኩለት። አየ። አንገቱ ቀላ።

"እንደዚህ ማን ይገፋዋል?"

"አጋዘን።"

"የሞተ አጋዘን አይገፋም፣ አርዲስ።"

"ቨርና ይገፋሉ። አዲስ ስጣቸው።"

"ሦስተኛ ዓመት አሸንፎ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ 'ይቅርታ፣ ተበላሽቷል' ብዬ ልንጠቃቸው?" ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "ከአደኑ በኋላ ያመጡልኛል፣ አዲስ ምላስ እሠራለታለሁ። አንድ አደን ይችላል።"

"በምን አወቅክ?"

"አንድ አደን ይችላል አልኩሽ!"

ከዚህ ቀን በፊት በወንድሜ ተበሳጭቼ አውቃለሁ። ንቄው ግን አላውቅም ነበር። ንቀት ከቁጣ የቀዘቀዘ ነገር ነው። መርፌዬን ቆዳው ላይ ሰክቼ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄድኩ።

"አንድ ቋሊማ፣ ያለ ዳቦ።"

"ያለ ዳቦ?" አለችኝ መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት። "ሰናፍጭስ?"

"ያለ ምንም።"

ስመለስ ቨርና ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል፤ ዌንደልና ሌሎቹ አለቃውን እየተቀባበሉ ይዳብሱታል። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ሳልናገር ሰንጢውን ተቀበልኩ፣ ከፈትኩት፣ ቋሊማውን ጠቋሚ ጣት በሚያርፍበት በእጀታው ጠርዝ ላይ በሰም ክር አሰርኩት።

"ምን ልትሠራ ነው ይቺ?" አለ ዌንደል። "ምሳሽን ነው የምታስሪው?"

"አርዲስ፣ ተይ" አለ ሌላንድ።

ጫፉን ቆዳው ላይ ተከልኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ ገፋሁ። ስለቱ ቀስ ብሎ መጣ። ቋሊማው ለሁለት ሆነ፤ አንዱ ቁራሽ ወለሉ ላይ ወድቆ እየተንከባለለ ዌንደል ቦት ጫማ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ሁሉም ቁልቁል ቁራሹን አዩ። ከዚያ ጀመሩ።

"ዘይት ቀብታው ነዋ!"

"ጠምዝዛዋለች! ሰንጢ ይጠመዘዛል እንዴ?"

"ይሄ የቋሊማ ጉዳይ ነው። ቋሊማ ለስላሳ ነው።"

"ጣትስ?" አሉ ቨርና።

ዌንደል ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንደ ዳኛ የምናገረው፣ ደንቡ መምታት ነው። መግፋት ደንቡ ውስጥ የለም።"

ማንም አልሳቀም። እውነቱን ነው የተናገረው፤ እነሱም ከልባቸው ተስማሙ። ቁራሹ ቋሊማ እግራቸው ሥር ተኝቶ ስለ ደንብ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቨርና ወደ ሌላንድ ዞሩ። "ታውቅ ነበር?"

"ዛሬ ነው ያወቅሁት።"

"ዛሬ መቼ?"

ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አየ። "ቅድም።"

"ቋሊማዬን ስበላ?"

"...አዎ።"

"እና ልትሸኘኝ ነበር፣ በፈረስ፣ ከዚህ ጋር?"

ሌላንድ ገንዘባቸውን እንደሚመልስ ነገራቸው፤ አዲስ ሰንጢም ጨምሮ እንደሚሰጣቸው።

"አዲሱም እንደዚሁ ያረጃል። አንተም ያኔ እንደዚሁ ትለኛለህ" አሉ። "ይሄን ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው። ስለቱ ጥሩ ነው፣ እጀታው እጄ ውስጥ ይገባል፣ ቁመቱ ልክ ነው። አሁን የማይዘጋ አድርግልኝ።"

"ታዲያ አዲስ ምላስ..."

"ምላስ አልኩህ? የማይዘጋ ነው ያልኩህ።"

"ከተረከዙ ኋላ ብሳውና ችንካር አግባበት" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "ከዳር እስከ ዳር። ስለቱ የሚዞርበት ቦታ አይኖረውም።"

ሌላንድ በጥፊ የመታሁት ያህል አየኝ። "አርዲስ! ይሄ ሦስት ዓመት ያሸነፈ ሰንጢ ነው። ሽንኩርት መክተፊያ ልታደርጊው?"

"የሽንኩርት መክተፊያዬ እስከ ዛሬ ጣቴን አልቆረጠም" አሉ ቨርና።

ሌላንድ የገዢዎችን ብሎን የሚያጠብቅበት ትንሽ ሞርሳና መሰርሰሪያ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነበረው። አለቃውን ከፍቶ ሞርሳው ውስጥ አሠረ። ሰዎቹ ከበቡት፤ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። መሰርሰሪያው ቀንዱ ውስጥ ሲገባ የተቃጠለ ጥፍር ሸተተ፤ ቀጥሎ ብረቱ ላይ ደርሶ ጮኸ። ምላሷን አለፋት። በማዶው ወጣ።

የወንድሜ እጅ ከአፉ ይሻላል። ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነበር፤ የስለቱን ተረከዝ ታክኮ ሳይቧጭረው አለፈ። የናስ ዘንግ ቆርጦ አስገባ፣ ሁለቱንም ጫፍ በትንሽ መዶሻ እስኪሰፋ ቀጠቀጠ፣ በሞረድ አስተካከለ። ቨርና ተቀበሉት። ጫፉን የእኔ ቆዳ ላይ ተክለው በመዳፋቸው ገፉ፤ ጠመዘዙ፣ በሰውነታቸው ክብደት ተደገፉበት። ቆዳው ተቀደደ እንጂ ስለቱ አልተንቀሳቀሰም።

"እንግዲህ ጠቅ አይልም በቃ" አለ አንዱ በሐዘን።

"አፎት ያስፈልገዋል" አልኳቸው። "አጭር፣ ቀበቶ ላይ ወደ ጎን የሚተኛ። ኮርቻ ላይ አይጎረብጥም።"

"መኪናዬን ላሙቅና ልመለስ" ብለው ወጡ።

ቆዳውን ስለቱ ላይ አጥፌ በእርሳስ ዞርኩት፣ ቆረጥኩ፣ በወስፌ በሳሁ። ጠርዙ ላይ፣ ስለቱ ክሩን እንዳይነካው፣ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ጨመርኩ።

ከጎኔ ክርክሩ ቀጠለ። መጀመሪያ የዘንድሮው አሸናፊነት ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ በሚለው ላይ ነበር። አይሰረዝም ተባለ። ቀጥሎ ከዚህ የባሰ ነገር ተነሳ፤ ቨርና በመጪው ዓመት ይህንኑ ሰንጢ ይዘው ጉቶው ጋ ቢመጡስ?

"ማንም አይችለውም" አለ አንዱ። "ለሌሎቻችን ፍትሕ አይደለም።"

"መታጠፍ የማይችል ሰንጢ መግባት የለበትም።"

"የመቆለፊያው ጥንካሬ እኮ ነው የሚለካው!"

"መቆለፊያ የለውማ!"

"ስለዚህ ነዋ የማይታጠፈው!"

ዌንደል ጉዳዩን ለክረምቱ ስብሰባ አስተላለፈው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ወደ ሌላንድ ቀረበ። ሁሉንም አይቷል፤ ቋሊማው ሲቆረጥ ከፊት ነበር የቆመው። ከአዲሶቹ ሰንጢዎች አንዱን አነሳና ከፈተው። ጠቅ።

"ይሄኛውን እስቲ አንዴ ምታልኝ፣ ሌላንድ።"

ሌላንድ ተቀበለው። ጠረጴዛው ላይ የኔ የተቀደደ ቆዳ ከእጁ አንድ ስንዝር ርቆ ተኝቷል። እጁ ወደዚያ ዘንበል ያለ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታው። ደገመው።

"አየህ?" አለ።

"አየሁ" አለ ሰውየው።

የመጨረሻውን ስፌት ሁለት ጊዜ ወደኋላ መለስኩ። ክሩን ቆረጥኩ፣ ጫፉን በክብሪት አቅልጬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከተትኩ፣ ገልብጬ አራገፍኩት፤ አልወጣም። ከጠረጴዛው ጥግ፣ ከሌላንድ ሰንጢዎች ራቅ አድርጌ፣ ለቨርና አስቀመጥኩት።